በአዳራሹ በኩል ያለው ቀዳዳ

ቀዳዳው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደወጣ ያስተዋልኩት ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው።

ከልጄ ጋር ጳውሎስ ሆስፒታል አራት ቀን ተኝተን በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ጽጌረዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አስም አለባት፤ ዳገት ስንወጣ በየሃያ እርምጃው እንቆማለን። እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ እኔ መጥፎ መጥፎውን አስባለሁ። የቀበሌውን አዳራሽ አልፈን ወደ ቤታችን ቀና ስል፣ በጎኑ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከአዳራሹ መስኮቶች ትይዩ፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አየሁ። ከውስጡ የንብ ቀፎ የሚመስል ድምፅ ይወጣል።

በማመልከቻው ላይ የጻፍኩት «በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ» ብዬ ነበር። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ሚስማር ለመምታት እንኳን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅተም የተመታበት ወረቀት በዚያች ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጀላል ደጃፋችን ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቀናል። ጀላል ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ለመቆጣት አቅም አጣሁ።

«ጀላል፣ ይሄ ጓሮ ነው?»

«እትዬ አፀደ፣ የጓሮው ግድግዳ እኮ እንጨት ብቻ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳሁት፣ የሚመልስልኝ ቋሚ ነው። ቋሚ ብቆርጥ ጣሪያው እናንተ ላይ ነበር የሚያርፈው። እዚህ ጋ ሳንኳኳ ግን ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። የጭቃ ቤት እንደዚህ ነው የሚቆረጠው፤ እሱ ራሱ ነው ቦታውን የሚናገረው።»

«ወደ ማን እንደሚያይስ ነገረህ?»

ዞር ብሎ ተመለከተ። አዳራሹን እስካሁን ያላየው ይመስላል።

«ረቡዕ ረቡዕ ብቻ አይደል የሚሰበሰቡት?» አለኝ።

ቀዳዳው ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። ሰባ ሦስት ዓመተ ምህረት፣ ወሩ ነሐሴ ነበር፤ የእንጦጦ ብርድ በክረምት እንደ ውሃ ወደ ጉለሌ ይወርዳል። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛም ከሰል ደጅ አቀጣጥለን፣ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ እናስገባ ነበር። ፍም ያለበት ቤት ደግሞ በሩ አይዘጋም። ከታች በኩል አንድ ቤተሰብ ፍም አስገብቶ በር ቆልፎ ተኝቶ ሳይነሳ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እኔ የባለቤቴን አሮጌ ጫማ በበሩና በመቃኑ መሃል እሰካለሁ። ጫማው ሲገባ ብርዱ ይገባል። ብርዱ ሲገባ ከሰል እጨምራለሁ። ከሰል ስጨምር ልጄ ትስላለች። አራት ክረምት እንዲህ ኖርን።

በዚያ ዘመን በር ከፍቶ መተኛት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ባለቤቴ ስለሺ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአሰብ መንገድ በወር ሁለት ጊዜ ቢመለስ ነው። እኔ ግማሽ ዓይኔን ጫማው ላይ፣ ግማሽ ዓይኔን የልጄ ደረት ላይ አድርጌ አድራለሁ። አብዮት ጥበቃዎች ለፍተሻ ሁለት ጊዜ መጥተው ሳያንኳኩ ገብተዋል። ማንኳኳት ምን ያደርግላቸዋል? በሩ ክፍት ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። «ወይ ከሰሉ ከቤት ይወጣል፣ ወይ ልጅቷ ትወጣለች» አለችኝ። በቀጥታ የሚናገር ሰው እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን አልወደድኳትም።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ሞከርን። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው፤ ምድጃውን በሰካሁ በአምስት ደቂቃ ባልቦላው ተቃጠለና ግቢው በሙሉ ጨለመ። እማማ ማሚቴ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት፣ ከጨለማው ውስጥ ሆነው «ሞቀሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ደግሜ ሞከርኩ። «ዛሬስ?» አሉኝ። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

የፍሪጁን ሐሳብ ያመጣው ጀላል ነው።

«የፍሪጅ ጀርባ ነክተው ያውቃሉ?» አለኝ አንድ ቀን። «ይሞቃል አይደል? ሙቀቱ ከየት መጣ? ሆዱ ውስጥ ካለው ምግብ ነው ስቦ ያወጣው። በሩን ነቅለን ሆዱን ወደ ደጅ፣ ጀርባውን ወደ ቤት ብናዞረውስ? ምግብ በማቀዝቀዝ ፈንታ ደጁን ያቀዘቅዛል። ከደጁ የሳበውን ሙቀት እናንተ ጋ ያመጣዋል።»

«በነሐሴ ደጅ ምን ሙቀት አለ?»

«ለእኛ የለም። ለጋዙ አለ። እሱ ከእኛ የባሰ በራድ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ሙቀት ነው የሚመስለው። የሚወስደው መብራት ደግሞ ከሁለት አምፖል አይበልጥም፤ ባልቦላችሁ አይሰማውም።»

ጽጌረዳ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «ደጁን ስናቀዘቅዘው ሰፈሩ አይቆጣም?» አለች። እኛ ሳቅን። ከሁላችን ቀድማ ያየችው እሷ መሆኗን ያን ጊዜ አላወቅንም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ፊዚክስ ጥሩ ነበርኩ። ጀላል የሚለው ልክ እንደሆነ ገብቶኛል። ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ግን በእኔ ቤት ሲደርስ ይበላሻል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ጋዙ ቢያመልጥስ? ልጄን ኤሌክትሪክ ቢይዛትስ? ጣሪያው ቢወርድስ? ጀላል ላይ ጥያቄ በጥያቄ ደረደርኩበት፣ እሱም አንድ በአንድ መለሰልኝ። ስለ አዳራሹ ግን እኔም አልጠየቅሁም፣ እሱም አላሰበውም።

ለማንኛውም በዚያ ከሰዓት ወደ ቤት ገባን። ጀላል ከተዘጋ ቡና ቤት ያገኘው ነጭ ፍሪጅ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ፣ ጥቁር የጀርባ ሽቦው ወደ አልጋችን ዞሮ ቆሟል። ከበላዩ ትንሽ ቬንቲሌተር አለች። እጄን ዘረጋሁ። ክፍሉ የሚጠብስ ሙቀት አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገር ሹራቤን አላወለቅሁም። ግን ስንናገር ከአፋችን የሚወጣው እንፋሎት ጠፍቷል። የአልጋ ልብሱ እርጥበት የለውም። ጭስ የለም። ጽጌረዳ ጀርባዋን ወደ ሽቦው ሰጥታ ተቀመጠች፤ ከአፍታ በኋላ ያ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጨው ነገር ቀስ እያለ ሲረግብ ሰማሁት። እንዳላለቅስ ወጥቼ ቀዳዳውን በውጭ በኩል አየሁት። ወንፊቱ ላይ ስስ አመዳይ ይዟል።

«በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያጥፉት፣ በረዶው ይቅለጥ» አለኝ ጀላል። «ሌላ ሥራ የለውም።»

ሌላ ሥራ እንዳለው በማግስቱ ጠዋት ታወቀ።

የመጣው ጓድ ታረቀኝ ነው፤ የቀበሌያችን የጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች ከኋላው ቆመዋል። ታረቀኝ በትምህርት ቤት ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ይማር ነበር፤ የሒሳብ ደብተሬን ለምኖኝ ያውቃል። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ አፀደ?»

«የቤት ማሞቂያ ነው። ፈቃድ አለው።» ወረቀቱን ሰጠሁት።

አነበበ፣ ግድግዳውን አየ፣ ደግሞ አነበበ። «ጓሮ ይላል።»

«ቋሚ ስላለ ነው። ሠራተኛው...»

«ከአዳራሹ ፊት ለፊት አፉን የከፈተ፣ በሽቦ የተሸፈነ፣ ሌሊትና ቀን የሚንሾካሾክ መሣሪያ። በአዳራሹ ውስጥ የሚባለውን የሚፈልግ ሰው ቢኖር የት ያስቀምጠው ነበር?»

«ፍሪጅ እኮ ነው፣ ጓድ።»

«ፍሪጅ ያቀዘቅዛል። ይሄ ያሞቃል አልሽኝ። ከሁለት አንዱ ውሸት ነው።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «እስከ ረቡዕ ስብሰባ ድረስ ይነቀል፣ ቀዳዳውም ይደፈን። ካልሆነ እኛ እንነቅለዋለን። አንቺንም እንጠይቅሻለን።»

«እንጠይቅሻለን» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሄዱ በኋላ የጽጌረዳን ልብስ በትንሽ ሻንጣ አጣጠፍኩ። መድኃኒቷን፣ የልደት ወረቀቷን፣ ለስለሺ የጻፍኩትን ማስታወሻ ጨመርኩበት። ሻንጣውን ለእማማ ማሚቴ ወስጄ እኔ ካልተመለስኩ ልጄን ወደ እህቴ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው።

«ምን ሠርተሽ ነው የማትመለሺው?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ዛሬ ምንም ያልሠራ ነው የማይመለሰው» አሉና ሻንጣውን አልጋቸው ሥር ገፉት። «ማሽኑን ትነቅይዋለሽ?»

በሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ጳውሎስ አራት ቀን ከጎኗ ስተኛ ልጄ ሁለት ጊዜ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አይቻለሁ። ትናንት ግን ሳትነቃ አደረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ከታረቀኝ ጠመንጃ ይበልጣል። ይህን በዚያች ደቂቃ ነው ያወቅሁት፤ ካወቅሁት በኋላም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ግን መንገዱን ቀየረ።

«አልነቅለውም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔም ረቡዕ ስብሰባ እመጣለሁ» አሉ እማማ ማሚቴ። «አንድ ዓመት ሙሉ እግሬን አሞኛል ስል ነበር፤ ይሻለኝ።»

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ስም ተጠራ። ስለ መሠረተ ትምህርት ተነገረ፣ ስለ ቦይ ጠረጋ ተነገረ። ከዚያ ታረቀኝ ተነስቶ «በአንድ ነዋሪ ቤት ስለተገጠመ አጠራጣሪ መሣሪያ» አለ። ሁሉም አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀዳዳው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያያቸዋል። ድምፁም ይሰማል።

ከፊት ወንበር ዓምሃ እጁን አወጣ። ዓምሃ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነው፤ የሚናገረው ታረቀኝ ሲያየው ነው።

«ጓዶች፣ እንደተረዳሁት ይሄ መሣሪያ ሙቀቱን የሚወስደው ከደጅ ነው። ደጁ የማን ነው? የሰፊው ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንድ ግለሰብ የሕዝብን ሙቀት ወደ ግል ቤቱ እያዛወረ ነው ማለት ነው።»

እማማ ማሚቴ ከኋላ ሆነው፣ «ዓምሃ፣ አንተ ደግሞ መቼ ሙቀት ኖሮህ ያውቃል?» አሉት።

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ተነሳ። ታረቀኝ ጠረጴዛውን መታ። «ጓድ አፀደ፣ መሣሪያውን ነቅለሻል?»

«አልነቀልኩም።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነቀልኩም፣ አላደረግኩም፣ አልሄድኩም የሚባል መልስ ሰምቼ አላውቅም። ተነስቼ ወጣሁ። ደጅ፣ ጣሪያው ከዝናብ በሚከልለው ጥግ፣ የከሰል ምድጃዬን አስቀምጬ ነበር። ስመጣ ነው ያቀጣጠልኩት፤ ከሰሉም ሆን ብዬ ያረጠብኩት ነው። በሁለት ጨርቅ አንስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከጠረጴዛው ፊት መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ተመልሼ በሩን ዘጋሁት፤ ከዝናቡ የተነሳ መስኮቶቹ ከመጀመሪያውም ተዘግተው ነበር። ጀርባዬን በሩ ላይ አሳርፌ ቆምኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ታረቀኝ።

«የልጄ ማሞቂያ ነው። ያንኛውን ንቀይ ስትለኝ ወደዚህኛው ተመለሺ ማለትህ ነው። ሐኪም ይሄ ይገድላታል ብላለች። አራት ክረምት አሙቋታል። አንተም ስብሰባው እስኪያልቅ ሙቅበት።»

«አንተ» ያልኩት ሳላስበው ነው። አንዴ ከወጣ ግን ወደ «እርስዎ» አልተመለስኩም።

ጭሱ መጀመሪያ የፊት ወንበሮቹን ያዘ። ዓምሃ ሳለ። ከጎኑ ያለው ሳለ። አንዲት እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላ ሸፈነች፤ እሷን ሳይ አፈርኩ፣ ወደ እኔ እንድትመጣ ጠቆምኳትና በሩን ገርበብ አድርጌ አሳለፍኳት። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።

«ስብሰባ እየበጠበጥሽ ነው። በሩን ክፈቺ» አለ ታረቀኝ፤ ዓይኑ እያለቀሰ ነው።

«እዚህ ቤት ሁሉም ነገር በድምፅ ብልጫ ነው የሚወሰነው። ይሄ ምድጃ እንዲወጣና በሩ እንዲከፈት የሚፈልግ እጁን ያውጣ።»

መጀመሪያ የእማማ ማሚቴ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ሴቶቹ። ቀጥሎ ከኋላ የቆሙት። ዓምሃ ታረቀኝን አየው፣ ታረቀኝ እየሳለ ስለነበር ሊያየው አልቻለም፤ ዓምሃም ብቻውን ወስኖ እጁን አወጣ። ጠመንጃ ከያዙት ልጆች አንዱ እንኳን አውጥቶ ነበር። ያለ ሊቀመንበሩ ትእዛዝ ያን ያህል እጅ በአንድ ጊዜ ሲወጣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ቁጠር፣ ጓድ ታረቀኝ» አልኩት።

አልቆጠረም። ራሱ መጥቶ በሩን ከፈተው።

አልታሰርኩም። ለምን እንዳልታሰርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ስለ ምድጃ ክስ መጻፍ ከብዶት ይሆናል። ስብሰባው ሲበተን ግን ከሁለቱ ልጆች ጋር እየተከተለኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ጀላልም ተጠርቶ መጣ። ሽፋኑን ፈታ፣ ሞተሩን አሳየ፣ የመዳብ ቱቦውን አሳየ። ታረቀኝ በባትሪ ጓዳ ጎድጓዳውን ሁሉ አበራ።

«ድምፅ መቅጃ የለውም?»

«ጓድ፣ ቢኖረውማ ሸጬው ሞተር እገዛበት ነበር» አለው ጀላል።

እማማ ማሚቴ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ጆሮ ያለው ነገር ያን ስብሰባ ሁልጊዜ ሰምቶ እንዴት ዝም ብሎ ይሠራል» አሉ። ጠመንጃ የያዘው ልጅ ፊቱን አዞረ።

ታረቀኝ እጁን ከሽቦው አጠገብ ዘረጋ። ጃኬቱ በዝናብ ርሶ ነበር። እጁ እዚያ ትንሽ ቆየ። ጽጌረዳ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች፤ «እዚህ ጋ ይበልጥ ይሞቃል» ብላ በጣቷ አሳየችው። እጁን ወዲያው ወደ ኪሱ መለሰው።

«ፈቃዱ የጓሮ ነው» አለኝ። «ድፈኚው።»

«አልደፍንም።»

«አፀደ፣ አትድከሚ።»

«አልደፍንም አልኩህ። ማስደፈን የፈለገ ጭቃውን ይዞ ይምጣ፤ እኔ እዚያ ቀዳዳ ፊት ቆሜ ያገኘኛል።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ልጆቹ እያዩት ነው፤ ባዶውን መሄድ አይችልም።

«እሺ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ይቆይ። እስከዚያ ድረስ ግን በርሽ አይቆለፍም። ጥበቃዎቹ በፈለጉት ሰዓት ገብተው ያያሉ።» ወደ መውጫው ሄዶ ዝቅ አለና ከመቃኑ ሥር የተቀመጠውን የባለቤቴን አሮጌ ጫማ በእግሩ ገፋ አደረገው። «ለነገሩ ለምዳችሁታል። ጫማው አለ።»

ስለ ጫማው ያውቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ልጄ እንዳትታፈን የሰካሁትን፣ እሱ ለራሱ እንደተከፈተ በር ሲያየው ኖሯል።

ሄዱ። ጀላል ሽፋኑን መልሶ አሰረና እሱም ወደ እናቱ ሄደ። እማማ ማሚቴ ሻንጣውን መለሱልኝ። «ሲከብድ ጊዜ ወርቅ መስሎኝ ነበር» አሉ። ልብሱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ መድኃኒቷን ግን በእጄ አጠገብ ተውኩት። ፍርሃት በአንድ ቀን አይወጣም።

መሸ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ምድጃው እዚያው አዳራሽ ደጅ ቀርቷል፤ ልወስደው አልሄድኩም። ቤቱ ውስጥ ፍም የለም፣ ጭስ የለም። በሩ የሚከፈትበት ምክንያት የለም።

ጫማውን አነሳሁት። ጽጌረዳ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ታየኛለች።

«እማዬ፣ ጫማውን አታስገቢውም?»

«የአባትሽ ነው። ሲመጣ ያድርገው።»

«ሰውዬው አትቆልፉ ብሏል።»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ቢመጡስ?»

ይመጣሉ ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ባይሆን ነገ፣ ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ነገር የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። «ያንኳኳሉ» አልኳት። «ሲያንኳኩ ማን ነው እላለሁ። ስማቸውን ይነግሩኛል።»

መወርወሪያው አራት ዓመት ሳይነካ ዝጎ ነበር። ከጓዳ ዘይት አምጥቼ ቀባሁት። መጀመሪያ እንቢ አለ። ጫማውን ገልብጬ በተረከዙ መታሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አዳራሹ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ። በሦስተኛው መወርወሪያው ሄዶ ማረፊያው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩት።